ፔዳሉን የረገጠ ጤነኛ ነው

እናንተ በየማለዳው አውቶቡስ ተሳፍራችሁ ሥራ የምትሄዱ፣ ሾፌራችሁ ፍሬን በረገጠ ቁጥር ከሰውነቱ ውስጥ ምን እየተቀነሰ እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። መኪናው በሰዓቱ ከመጣና በሩ ከተከፈተ ማን ስለ ሾፌር እግር ይጠይቃል! እንግዲህ እኔ ልንገራችሁ። ሰምታችሁ ስትጨርሱ ከእኔ ጋር ሆናችሁ የምትጠይቁት ሰው አለ።

ሾፌሩ ታላቅ ወንድሜ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ፍሬን» ይሉታል። ስሙን ያገኘው በአነዳዱ ነው፤ እሱ ሲያቆም የቆመ ተሳፋሪ አይንገዳገድም፣ እናቱ ጀርባ ላይ የተኛ ሕፃን አይነቃም። እኔ ታናሹ ነኝ። እሱና ሚስቱ ከሚኖሩበት ቤት በላይ ባለው ፎቅ እኖራለሁ። ወንድሜ «ምላጭ» ብሎ ይጠራኛል፤ ምላሴን ማለቱ ነው።

ወንድሜ ስኳር ሕመም ካደረበት ቆይቷል፤ ኢንሱሊን ይወጋል። ከጊዜ በኋላ ኩላሊቱ መድከም ጀመረ። ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ታየ፣ ማታ ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የላስቲኩ ምልክት እንደ ቦይ ተቀምጦ ይገኝ ጀመር። የኩላሊት ሐኪሟ ነገሩን አልሸፋፈነችም። «ጋሼ፣ የቀረዎትን ኩላሊት ከጠበቅነው ብዙ ዓመት ያኖርዎታል» አለችው። «ካልጠበቅነው እጥበት ማሽን ላይ ይወጣሉ።» ማሽን ላይ የወጣ ሰው አውቶቡስ እንዳይነዳ የድርጅቱ ደንብ ይከለክላል። ስለዚህ ወንድሜ ሁለት ፍርሃት አልነበረበትም፣ አንድ ነው፤ ኩላሊቱ ከሄደ መሪውም ይሄዳል።

ከዚያ አውራ ጣቱ መጣ።

የቀኝ እግሩ አውራ ጣት፣ ፍሬን የሚረግጥበት። አንድ ማለዳ ከታች ጩኸት ሰምቼ ወረድኩ። ወንድሜ የሚጮህ ሰው አይደለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን በሁለት እጁ ይዟል፤ ጣቱ የበሰለ ቲማቲም መስሏል። አንሶላው ሲነካው እንኳ ጥርሱን ያፋጫል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከእንቅልፏ ከተነሳች ጀምሮ የመለኪያ ሜትሯ እንደ ሐብል አንገቷ ላይ ነው የሚውለው። ሜትሯን እንዳንጠለጠለች ጎንበስ ብላ አየችውና ፍርዷን ሰጠች።

«ሪህ ነው።»

«የጌቶች በሽታ የሚሉት?» አለ ወንድሜ፣ በሕመሙ መሐል እየሳቀ። «ጉድ እኮ ነው! ሀብቱ መንገድ ጠፍቶት በሽታው ቀድሞ ደረሰ።»

«ሳቅ፣ ሳቅ! መስመር ላይ ሥጋ ስትቆረጥም ትውልና እዚህ መጥተህ ትስቃለህ።»

«እናትዬ፣ ሥጋ ከበላሁ እኮ ከረምኩ።»

«አፍህ ይዋሽ። ጣትህ እየተናገረ ነው።»

ደሙ ተመረመረ፣ ዩሪክ አሲዱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሪህ የሚባለው ሕመም ከዚህ አሲድ እንደሚመጣ ያን ጊዜ ነው የሰማነው፤ ደም ውስጥ ሲበዛ መገጣጠሚያ ውስጥ ይጋገራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ቤት ፍርድ ቤት ሆነ። ሥጋ ተከለከለ፣ ዓሣ ተከለከለ፣ ባቄላም በጥርጣሬ ታየ። ሚስቱ ከሥራ ሲገባ በር ላይ ቆማ አፉን ታሸታለች።

«ምን ሸተተሽ?» ይላታል።

«ናፍጣ።»

«በይ እንግዲህ፣ እሱም ሪህ ያመጣል በይና ልረፍ።»

አንድ ቀን ኪሱ ውስጥ የለስላሳ ክዳኖች አገኘች፤ ያ ቀን አያድርስ ነበር። ለስላሳው የእውነት ነበር። ሾፌሮች ሙሉ ቀን ውሃ አይጠጡም፤ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ መጸዳጃ ቤት የለም፣ ተሳፋሪ ጭኖ ደግሞ «አንዴ ልውረድ» አይባልም። ስለዚህ ውሃውን ትተው፣ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው በትንሽ ጠርሙስ ጣፋጭ ነገር ይጎነጫሉ። ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። የለስላሳው ስኳር ራሱ ጉበት ውስጥ ሲፈጭ ዩሪክ አሲድ እንደሚያፈራ፣ ውሃ ያጣ ኩላሊትም አሲዱን ማስወገድ እንደሚያቅተው ነገረችን። ወንድሜ ለስላሳውን ጣለ፤ ውሃ በፕላስቲክ ኮዳ ይዞ መሄድ ጀመረ። ጣቱ ግን እየተመለሰ ያምመዋል። ኩላሊቱም ይወርዳል።

ለክትትል ስንሄድ እኔ አብሬው ነኝ። እሱ ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም፣ ስለዚህ ምላጩን ይዞ ይሄዳል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስታስብ የብዕሯን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ታንኳኳለች።

«ኢንሱሊን ሥራው ማንኳኳት ነው» አለችን። «የሰውነትዎ ሴሎች በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል። ሰምተው ከከፈቱለት ስኳሩ ከደም ወደ ውስጥ ይገባል። የእርስዎ ሰውነት ጆሮው ከብዷል። አንድ ጊዜ ሲንኳኳ አይሰማም። ስለዚህ እኛ ኢንሱሊን እንጨምራለን፤ በሩ ላይ የሚያንኳኳው ይበዛል።»

«ይብዛ ታዲያ፣ እስኪከፍቱ ድረስ» አልኩ።

«ችግሩ ሁሉም በር አልደነቆረም። ኩላሊት ይሰማል። ኢንሱሊን ሲበዛበት ‹ጨው ያዝ፣ ዩሪክ አሲድ ያዝ› የተባለ ይመስለዋል፤ ከሽንት ጋር መውጣት የነበረበትን ወደ ደም ይመልሰዋል። ኩላሊቱ ራሱ ሲደክም ደግሞ ከነጭራሹ ማስወገድ ያቅተዋል።»

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።»

«እንቅርትና ጆሮ ደግፍ እንኳ አይተዋወቁም። እነዚህ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ አንዱን ይጠራል።»

ወንድሜ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «እና ኩላሊቴን የሚበላው ይሄ አሲድ ነው በይኛ!»

ሐኪሟ ብዕሯን አቆመች። «እሱ ላይ እንዳልዋሽዎት። አሲዱ ነው ኩላሊቱን የሚጎዳው የሚሉ አሉ። ኩላሊቱ ስለተጎዳ ነው አሲዱ የተጠራቀመው የሚሉም አሉ። አሲዱን በመድኃኒት አውርደው ኩላሊቱ ይተርፍ እንደሆነ የሞከሩት ሰዎች ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላዩም። ገና ይከራከራሉ። ለጣትዎ ሕመም ግን የሚያወርደውን መድኃኒት በትንሹ እጀምርልዎታለሁ። ደግሞ አንዱ ጥፋት የእኔ ነው። ለእግርዎ እብጠት የሰጠሁዎት የሽንት ክኒን አሲዱን ከፍ ያደርጋል። እሱን አስተካክለዋለሁ።»

ይህችን ቃል ያዙልኝ። ሐኪም በራሷ አፍ፣ ማንም ሳይጠይቃት «የእኔ ነው» አለች። በኋላ ከሌላ ሐኪም አፍ ስፈልጋት አጥቻታለሁ።

«አሁን የሚወስዱትን ሁሉ ይንገሩኝ» አለች።

ወንድሜ ዘረዘረ። ኢንሱሊኑን፣ የግፊቱን ክኒን፣ የሽንቱን ክኒን፣ የቅባቱን ክኒን። አንዱንም አልሳተም።

«ለሕመሙስ? ከፋርማሲ የሚገዙት ማስታገሻ?»

«ከፋርማሲ አንዳች ነገር ገዝቼ አላውቅም። ሚስቴ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ትይዝልኛለች፣ በቃ።»

«ጥሩ» ብላ አለፈች። ስንወጣ ግን በሩ ላይ አቆመችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኩላሊቱ የሚወርደው ስኳሩ ከሚያወርደው ፈጥኖ ነው። እኔ የማላየው አንድ ነገር አለ።»

ያንን ነገር ያገኘሁት በኢንሱሊን ምክንያት ነው። ወንድሜ የኢንሱሊን ብዕሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ ረስቶ ሄደ፤ ሚስቱ ደረጃው ላይ ቆማ ጠራችኝ። «አንቺ፣ ያ ዝንጉ ወንድምሽ ሳይወጋ ሊውል ነው፤ ሩጪ!» ሮጥኩ።

መኪናዎቹ የሚያድሩበት ዴፖ ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚነቃው። አውቶቡሶቹ በረድፍ ቆመው ሞተራቸው ይሞቃል፤ አጣቢዎች በረጅም መጥረጊያ መስታወት ያሻሉ፤ ስምሪት ክፍሉ መስኮት ላይ ሾፌሮች ቁልፍ ሊቀበሉ ይጋፋሉ። ወንድሜ ግን እዚያ የለም። «ፍሬን? ክሊኒክ ነው» አለኝ አንዱ፣ በአገጩ እያመለከተ።

ክሊኒኩ በጎማ መጋዘኑና በመኪና ማጠቢያው መሐል ያለ ክፍል ነው። በሩ ክፍት ነበር። መሐል ላይ ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ የሾፌር ወንበር በብሎን ወለሉ ላይ ታስሯል። ከፊቱ እውነተኛ የፍሬን ፔዳል አለ፣ ከሥሩ ጠንካራ ሞላ የተገጠመለት። አሠራሩን ወዲያው ነው የተረዳሁት። ሾፌሩ ይቀመጣል፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይረግጣል፣ ነርሱ «በቃ» እስኪል ይይዛል። የያዘ ሄዶ ቁልፉን ይቀበላል። ካልቻለ መኪናው ለተጠባባቂ ሾፌር ይሰጣል።

ደንቡን አልነቅፍም። እግሩ ፍሬን የማይረግጥ ሰው መሪ ላይ አይውጣ፤ እኔም ተሳፋሪ ነኝ። ግን ከወንበሩ ጀርባ መጋረጃ ነበረች። ፔዳሉን ያልቻለ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ወደ መጋረጃዋ ይሄዳል። እዚያ መርፌ ይወጋል፣ አግዳሚ ላይ ትንሽ አረፍ ይላል፣ ተመልሶ ይረግጣል። የጉልበት፣ የወገብ፣ የጣት ሕመም ያለባቸው ሁሉ ከመጋረጃዋ ፊት ተሰልፈው ይቀላለዳሉ።

«ግሪስ ያልገባለት ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ግን ባለ ሰፊ መቀመጫ ይቅደም፤ እሱ ብዙ ይፈጃል።»

«ቅናት ነው! አንተን ሲወጋህ መርፌው አጥንት ነው የሚያገኘው።»

«ዝም በሉ፣ ሴት ቆማለች! ሱሪያችሁን!»

መጋረጃዋ ተገለጠችና ወንድሜ ቀበቶውን እያጠበቀ ወጣ። እኔን አላየኝም። አግዳሚው ላይ ቆየ፣ ተነስቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ያንን ጣቱን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ እስከ ወለሉ ረገጠው። ፊቱ ላይ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችም። «በቃ» አለ ነርሱ።

«ወንድም ጋሼ» አልኩት፣ የኢንሱሊን ብዕሩን እየዘረጋሁ። «ምንድን ነው የተወጋኸው?»

ዞረ። «እንዴ፣ ምላጭ! ምን እግር ጣለሽ? ግሪስ ነዋ።»

«የምን ግሪስ?»

«የእግር። አልታዘዝ ሲለኝ ያላሉልኛል።»

«ሐኪሟ ምን ትወስዳለህ ስትልህ እንዲህ ያለ ነገር መቼ ተናገርክ?»

የውሸት ፊት አውቃለሁ፤ ያ የውሸት ፊት አልነበረም። ከልቡ ግራ ገባው። «እሷ የጠየቀችኝ ስለ መድኃኒት ነው። ይሄ የሥራ ነው። እንደ ደንብ ልብሱ። ጎማዬ ሲነፋም ለሐኪም ልናገር?»

ይህ ሞኝነት ለሚመስላችሁ አንድ ነገር ልበል። መድኃኒት ማለት ለእሱ የሚሻልህ ነገር ነው፤ ሐኪም ዓይንህን አይቶ፣ ጠይቆህ፣ ላንተ ብሎ የሚያዝልህ። ያ መርፌ ለእሱ ተብሎ ተወግቶ አያውቅም። ለአውቶቡሱ ነው የተወጋው። ወንድሜ ከሁላችንም ይልቅ ነገሩን በትክክል ጠርቶታል።

ነርሱን ባዶውን ብልቃጥ አሳየኝ አልኩት፤ አሳየኝ። ዳይክሎፌናክ ይላል። እዚያው ቆሜ ለሐኪሟ ደወልኩ። ስነግራት ብዕሯን ስታንኳኳ እሰማ ነበር፤ ከዚያ ማንኳኳቱ ቆመ።

«መቼ መቼ ነው የሚወጋው?»

«ጣቱ ባመመው ማለዳ ሁሉ።»

«አቁሙት። የደከመ ኩላሊት ደም የሚያገኝበትን ቧንቧ የሰውነት ኬሚካል ከፍቶ ይይዝለታል። ይህ መርፌ ሕመሙን የሚያጠፋው ያንኑ ኬሚካል በመከልከል ነው። የግፊትና የሽንት ክኒን ለሚወስድ፣ ውሃ ሳይጠጣ ለሚውል ሰው ደግሞ ኩላሊቱን አንገቱን ማነቅ ነው። አሲዱ ላይ ሊቃውንት ይከራከራሉ ብያችሁ ነበር። እዚህ ላይ ክርክር የለም። የሕክምና ተማሪ ያውቀዋል።»

የሕክምና ተማሪ የሚያውቀውን የማያውቅ የክሊኒኩን ሐኪም እስኪ ልየው ብዬ፣ ቢሮውን ከነርሱ ጠይቄ ወደ ላይ ወጣሁ።

የዴፖው ሐኪም ቢሮ መስኮት በረድፍ የቆሙትን አውቶቡሶች ቁልቁል ያያል። ሰውየው ጨዋ ነው። ከወንበሩ ተነሳ፣ «ይግቡ እህቴ» አለ፣ ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም።

«የፍሬን እህት ነኝ። ወንድሜ ስኳር እንዳለበት ያውቃሉ?»

«ፍሬን? አውቃለሁ። የዓመት ምርመራውን የማየው እኔ ነኝ።»

«ኩላሊቱ እንደደከመስ?»

«አይቻለሁ። ለእሱ የሚከታተለው ሐኪም አለው አይደል?»

«መርፌውን የሚያዘው ማነው?»

«ክሊኒኩ የሚሠራው በእኔ ትእዛዝ ነው።» ከዚያ እንደ ማስረዳት አለው። «እህቴ፣ እኔ በየማለዳው የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ሾፌር ዛሬ ፔዳል ይረግጣል ወይስ አይረግጥም? ካልረገጠ መኪና ይቆማል። መኪና ከቆመ መንገድ ላይ ሕዝብ ይቆማል።»

«ነገስ?»

«ነገም ያንኑ ጥያቄ እጠየቃለሁ።»

አያችሁ? ሰውየው ጭራቅ አይደለም። ጭራቅ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ጥያቄውን ያሳጠሩለት፣ እሱንም ማጠሩ የተመቸው ሰው ነው።

«ማንንም አስገድጄ አላስወጋሁም» አለ። «ራሳቸው ናቸው የሚሰለፉት። ወንድምዎ ለሐኪሙ ከደበቀ እኔ ምን ላድርግ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።»

ደሜ ፈላ። «ከማን ነው የደበቀው? እሱ መርፌውን ያውቃል፣ ለኩላሊት ምን እንደሆነ አያውቅም። ሐኪሟ ኩላሊቱን ታውቃለች፣ መርፌውን አታውቅም። እዚህ ዓለም ላይ ሁለቱንም የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ፤ እሱም ይሄ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው!»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።»

«አላደርግም!»

በሩ ላይ ወንድሜ ቆሟል፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ። «ምላጭ፣ ነይ እንውረድ። ሰው ፌርማታ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።»

«አንተ ውረድ። እኔ ገና መጀመሬ ነው።»

«ጀምረሽ ጨርሰሻል፣ ግቢው ሁሉ ሰምቶሻል» አለና ይዞኝ ወረደ።

ያን ቀን ማታ ቤታቸው ውስጥ የተነሳውን አልጽፈውም፤ አንድ ነገር ብቻ። ወንድሜ «ፔዳሉን ካልረገጥኩ እኮ መኪናዬን ለዚያ ለተጠባባቂው ይሰጡታል» አለ። «ያ ልጅ ደግሞ ሲያቆም ተሳፋሪውን እንደ በግ ይወረውራል።» ሚስቱ ስፌቷ ላይ ነበረች። ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ነው የመለሰችለት።

«ይውሰደው። ኩላሊት እንደ ሸሚዝ ቁልፍ መሰለህ? ሲበጠስ ሌላ የምተክልልህ?»

ከዚያ በኋላ ጣቱ ለጥቂት ጊዜ ተኛለትና ፔዳሉን ያለ መርፌ ረገጠ፤ ሚስቱም አፉን ማሽተት ተወች። እኔ ግን ቀኑን እየጠበቅሁ ነበር። ቀኑ መጣ። ጣቱ በማለዳ ተነፋ፤ ብቻውን መራመድ አልቻለምና ደግፌው ሄድኩ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ረገጠ። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ፈተናውን ወደቀ።

«ወደ መጋረጃው» አለ ነርሱ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ።

«አልሄድም።»

«ምን?»

«አልወጋም። ዛሬ ጤነኛ አይደለሁም።»

በዚያ ወንበር ላይ ይህ ቃል ተነግሮ አያውቅም ማለት እችላለሁ፤ ምክንያቱም ሰልፉ ሙሉ ወደ እሱ ዞረ። ባለ ሰፊ መቀመጫው ቀልደኛ ሊቀልድ ሞከረ። «ዛሬስ ፍሬን እውነተኛ ፍሬን ያዘ!» ማንም አልሳቀለትም።

«ምን ሆነህ ነው?» አለ ሌላው።

ወንድሜ ንግግር አያውቅም። «ስኳር አለብኝ። ኩላሊቴ እያለቀ ነው። ይሄ ግሪስ የምንለው እሱን ነው የሚጨርሰው» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቀልደኛው ሱሪውን ይዞ ቆሞ ነበር። ቀበቶውን መልሶ አሰረ። «እኔም እኮ ስኳር አለብኝ» አለ፣ ለማንም እንዳልሆነ ያህል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከኋላው «እኔም» የሚል መጣ። ከዚያ ሌላ። መሪ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ላይ ስኳር መብዛቱ ምን ይደንቃል! ነርሱ መርፌውን በእጁ እንደያዘ መጋረጃው ሥር ቆሞ ቀረ፤ ማንን እንደሚወጋ ጠፋው። እውነቱን ለመናገር ከእነሱ መሐል ተመልሰው የተወጉ አሉ። መኪናቸውን የሚያጡት እነሱ እንጂ እኔ አይደለሁምና አልፈርድባቸውም።

ወንድሜ መኪናውን አጣ። ስምሪት ክፍል መስኮት ጀርባ አስቀመጡት፤ ለሌሎች ቁልፍ ያቀብላል። የእሱ አውቶቡስ በበሩ ሲወጣ ፍሬኑን ይሰማና ይሳደባል። «አየሽ? አየሽ እንዴት እንደሚረግጠው? ነገ የአንዲት እናት ጥርስ ይሰብራል!» ውሃውን ሐኪሟ በፈቀደችለት መጠን ይጠጣል፤ መጸዳጃ ቤቱ ቅርብ ነው። የአሲዱ መድኃኒት ቀስ እያለ ሥራውን ጀምሯል፣ ጣቱ ከተነፋ ቆይቷል። ሐኪሟ የመጨረሻውን ምርመራ አይታ ብዕሯን አንኳኳች። «መውረዱ ቆሟል» አለች። «ከወረደው ግን ብዙው አይመለስም።» ጣቱ እንዲህ ከቆየ ወደ መሪው ሊመለስ ይችላል። የእጥበት ማሽኑ የራቀ ይመስላል እንጂ አልቀረም። እሷም ይቀራል አላለችም፤ የማታውቀውን አትናገርም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ብዕር አላነሳም ነበር። ድርጅቱ ግን ማስታወቂያ ለጠፈ። ያለባቸውን ሕመም ሳያሳውቁ መርፌ ለሚወጉ ሾፌሮች ኃላፊነት አልወስድም ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ሾፌሮቹ ግቢው ውስጥ ስብሰባ ጠሩና ሐኪሙ መጥቶ እንዲያስረዳ ለመኑ። አልመጣም። ሥራ በዝቶበታል፣ ጥያቄ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ አለ። ፔዳሉም መጋረጃውም ዛሬ ድረስ በቦታቸው ናቸው፤ ዛሬ ማለዳም የተሰለፈ ነበር።

በጽሑፍ ካሉ ይኸው ጻፍኩ። ግን መልሱን በጽሑፍ አልቀበልም። ዶክተር፣ ሾፌሮቹ የተወጉት በአደባባይ ነው፣ ሱሪያቸውን ዝቅ አድርገው፣ እርስ በርስ እየተያዩ። እርስዎም በአደባባይ ይምጡ። ከዚያ መስኮት ወርደው ግቢው መሐል፣ በሾፌሮቹና በተሳፋሪዎቹ ፊት ይቁሙና አንዱን ጥያቄ ይመልሱ፤ ስኳሩን ያውቁ ነበር፣ ኩላሊቱን ያውቁ ነበር፣ መርፌውን ያውቁ ነበር፤ ታዲያ ለምን አዘዙ? ቀኑን እርስዎ ይቁረጡ። እኛ እንመጣለን።